በገብስ ጎታ የከረሙ ደብዳቤዎች

ሲፒዩው በጋቢ ተጠቅልሎ በዘበኛው ትከሻ ቁልቁል ወረደ። ዕለቱ ቅዳሜ፣ የላሊበላ ገበያ ነው። ከላስታ ቀበሌዎች ሌሊት ተነስቶ የመጣው ገበያተኛ በገብሱ፣ በማሩና በፍየሉ መንገዱን ሞልቶታል። ዘበኛው በመካከሉ እየተሽሎከለከ «ዕቃ ነው! አትግፉኝ፣ ዕቃ ነው!» ይላል። አንዲት እናት ቆም ብለው ጋቢውን አዩና፣

«ልጁን ምን ነካብህ?» አሉት።

«ልጅ አይደለም እማማ፤ ኮምፒውተር ነው።»

«ታሞ ነው?»

«አርጅቷል አሉ።»

«እግዜር ይማረው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዘበኛው ኋላ የሆቴሉ ባለቤት፣ ከባለቤቱ ኋላ እኔ እንከተላለን። ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። የዛሬ 15 ዓመት፣ ሆቴሉ 9 ክፍል ብቻ በነበረው ጊዜ፣ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ሠርቼላቸዋለሁ። አሁን ላሊበላ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሊቀየር መሆኑን ስሰማ ጉዳዬን ትቼ ተከተልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ያውቁታል።

የጥገና ቤቱ በፎቶ ኮፒ ቤትና በፀጉር ቤት መካከል የተሰነቀረች አንድ ክፍል ናት። ባለሙያው ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የተመለሰ የከተማው ልጅ ነው። ጋቢውን ፈታ፣ የሲፒዩውን ጎን በካቻቢቴ ከፈተ፣ በብስክሌት መንፊያ አቧራውን ያስወጣው ጀመር። የላስታ አቧራ ቀይ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበትን ዓለት ይመስላል። አቧራው ሲበተን ከሃርድ ዲስኩ መቀመጫ ሥር አንዲት ነገር ጠብ አለች። ልጁ በጣቱ አንስቶ አያት።

«ጋሼ፣ ይሄ ገብስ ነው እንዴ?»

ጋሼ ሳቁ። «ገብስ ነው። ታሪክ አላት፤ ቆይ።»

ልጁ ፍሬዋን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀጥሎ የተናገረው ግን ሁለታችንንም ከተቀመጥንበት አስነሳን።

«እንግዲህ ፎርማት ላድርገው?»

ልጁ አላጠፋም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ኮምፒውተሩ በማግስቱ አልሞተም፤ ይነሳል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። የቀረበት ከዚያ ወዲህ የሚገኝበትን የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍንለት ነው። ድጋፉን ለአንድ ዓመት ማራዘሚያ መንገድ አለ፤ እሱም ዓመቱ ሲሞላ ያበቃል። ወደ ዊንዶውስ 11 ልሻገር ያለ ሰው ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ያስፈልገዋል፤ ፕሮሰሰሩም የኢንቴል ከሆነ በአመዛኙ ከ8ኛው ጄኔሬሽን ወዲህ መሆን አለበት። የጋሼ ሲፒዩ ኮር አይ 3፣ 4ኛ ጄኔሬሽን ነው። ሩጫውን ጨርሷል። ስለዚህ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ያገለገለ ላፕቶፕ ከአዲስ አበባ መጥቶላቸዋል፤ አሮጌው ተጠርጎ ለወንድማቸው ልጅ መለማመጃ ይሰጣል። ለጠራጊ ደግሞ ፎርማት ነው መጥረጊያው። በእኛ አገር ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ፎርማት፣ ቫይረስ ሲገባው ፎርማት፣ ዊንዶውስ ሲቀየር ፎርማት ነው፤ ለበሽታ ሁሉ የሚታዘዝ ጠበል።

ግን በዚያ ዲስክ ላይ የ15 ዓመት ደብዳቤ አለ። ፎርማት የሚባለው ቃል በዚያ ሆቴል አንድ ጊዜ ምን እንዳደረገ ደግሞ እኔና ጋሼ እናውቃለን።

ኅዳር 2003 ነበር። የሆቴሉ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ የደብዳቤ ፕሮግራማችን ከኤክስፒ ጋር አብሮ የመጣው አውትሉክ ኤክስፕረስ። በዚያ ዘመን የብዙ ሆቴልና የአስጎብኚ ድርጅት የኢሜይል አድራሻ መጨረሻው «ኢትዮኔት» ነበር። የጠዋት ሥራዬ ይህ ነው፦ ገመዱን ከስልኩ ነቅዬ ሞደሙ ላይ እሰካለሁ። ሞደሙ ያፏጫል፣ ያንቋርራል። መስመር ከያዘ «ሴንድ ኤንድ ሪሲቭ» የሚለውን እጫናለሁ። ያደረው ደብዳቤ ይወርዳል፣ ትናንት የጻፍኩት ይሄዳል። ገመዱን መልሼ ስልኩ ላይ እሰካለሁ። ከዚያ በኋላ ማንበቡም መጻፉም ያለ መስመር ነው፤ መብራት እስካለ ድረስ ማንም አይደርስብኝም።

ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወዳጃችን፣ ዊንዶውስ 7 ከወጣ ዓመት አልፎታል፣ አንተ ምን ትጠብቃለህ አለኝ። ሲዲው በቦርሳው ነበር። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ጠይቆኛል።

«ማይ ዶክመንትስህን ፍላሽ ላይ ገልብጬልሃለሁ፤ ዴስክቶፑንም። ሌላ ዕቃ አለህ?»

«የለኝም» አልኩት።

ያቺን «የለኝም» ስንት ሌሊት መልሼ እንደሰማኋት እኔ ነኝ የማውቀው። ደብዳቤ ዕቃ መሆኑን አላውቅም ነበር። ዛሬም ብዙ ሰው አያውቅም፤ አይፈረድበትም። ፎቶ ፋይል ነው፣ ጽሑፍ ፋይል ነው፤ ኢሜይል ግን ፕሮግራሙን ስትከፍተው የሚታይ፣ ስትዘጋው የትም የሌለ ነገር ይመስላል።

በእኛ አገር ፖስተኛ ደጃፍ አያንኳኳም። ደብዳቤ የሚጠብቀን ፖስታ ቤት፣ በሳጥናችን ውስጥ ነው፤ ቁልፍ ይዘን የምንሄደው እኛ ነን። አውትሉክ ኤክስፕረስ ይሠራበት የነበረው ፖፕ የሚባለው አሠራር ስሙም፣ ግብሩም ይኸው ነው፦ የፖስታ ቤት ደንብ። ፕሮግራሙ በስልክ መስመር ወደ ሰርቨሩ ሄዶ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ያለውን ሁሉ ዘግኖ ወደ ቤት ያመጣል፣ ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ይዘጋል። ቅጂ ትተህ ና ካላሉት በቀር አይተውም። ቤቱ ሃርድ ዲስኩ ነው። ኢማፕ የሚባለው ሌላው አሠራር ደግሞ ደብዳቤውን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ትቶ ላንተ ቅጂውን ያሳይሃል። በፖፕ ለሚሠራ ሰው ፎርማት ማለት ቤት ማቃጠል ነው፤ ፖስታ ቤት ተመልሶ ቢሄድ ሳጥኑ ባዶ ነው።

አውትሉክ ኤክስፕረስ ያመጣውን የሚያኖረው ደግሞ ማይ ዶክመንትስ ውስጥ አልነበረም። ከዓይን በተሸሸገ ፎልደር፣ ፊደልና ቁጥር በተደበላለቀበት ስም ሥር፣ ዲቢኤክስ በሚባሉ ፋይሎች ነው። የገባው አንድ ፋይል፣ የተላከው አንድ ፋይል፣ አድራሻው ደግሞ ለብቻው ሌላ ቦታ። ከኤክስፒ ወደ ዊንዶውስ 7 በቀጥታ መሸጋገር አይቻልም ነበርና እንደ አዲስ መጫን ግድ ነው። ዲስኩ ባይፎረማት ኖሮ የቀድሞው ነገር ሁሉ «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ተሰብስቦ ይቆይ ነበር፤ ደብዳቤዎቹም እዚያው። ወዳጃችን ግን ንጹሕ ሥራ ይወዳል። አስቀድሞ ፎርማት አደረገ።

ማታ አዲሱ ዊንዶውስ እንደ መስተዋት እያበራ ተከፈተ። አውትሉክ ኤክስፕረስን ፈለግሁት። የለም። ስሙ ተቀይሮ ይሆናል ብዬ የደብዳቤ ፕሮግራም የሚመስል ነገር ሁሉ ፈለግሁ። ምንም የለም። ዊንዶውስ 7 ከነአካቴው የኢሜይል ፕሮግራም ሳይኖረው የወጣ ዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ያንን ሥራ «ዊንዶውስ ላይቭ ሜይል» ለሚባል፣ ከኢንተርኔት አውርደው ለሚጭኑት ፕሮግራም ሰጥቶት ነበር፤ ሙሉው ጥቅል ከ100 ሜጋባይት በላይ። በስልክ መስመር፣ ሞደሙ በአፉ እንደሚለው በሰከንድ 56 ኪሎቢት ቢሮጥ፣ 4 ሰዓት ገደማ ነው። የላሊበላ መስመር 4 ሰዓት ሳይቆረጥ ሲቆይ አይቼ አላውቅም። ፕሮግራሙ በ8ኛው ቀን፣ በቱሪስት መኪና ሾፌር ኪስ፣ በፍላሽ መጣልኝ።

ጫንኩት። አድራሻና ፓስዎርድ አስገባሁ። «ሴንድ ኤንድ ሪሲቭ።» አሥራ አንድ ደብዳቤ ወረደ። ከፎርማቱ ወዲህ የመጡት ናቸው። ከእነሱ በፊት ምንም።

ላሊበላን ለማያውቅ ይህ ምን እንደሆነ ልንገር። ታኅሣሥ 29 ገና ነው፤ በትውፊት ደግሞ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት። ምእመናን ከየአገሩ በእግር ይመጣሉ፣ ሜዳው ድንኳን በድንኳን ይሆናል፣ የሆቴል ክፍል የሚያዘው ከግንቦትና ከሰኔ ጀምሮ ነው። መዝገብ አልነበረህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ። ዝርዝሩ ኢሜይሉ ላይ አለ እያልኩ ስም ብቻ እጽፍበት ነበር፤ አንዳንዱን ስም ደግሞ እጽፈዋለሁ ብዬ ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ከመሳቢያው ቢዝነስ ካርድ እየለቀምኩ አድራሻቸውን ላገኘኋቸው ሁሉ «እባካችሁ እንደገና ላኩልን» ብዬ ጻፍኩ። ብዙዎቹ መለሱ። ካርድ የሌላቸው ግን ነበሩ።

ታኅሣሥ 27 ቀን ሊመሽ ሲል 14 ጀርመኖች በሁለት ሚኒባስ ደረሱ። መሪያቸው ከቦርሳው የታተመ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። የእኔው ደብዳቤ ነው፤ ስሜ ከታች አለ፣ 7 ክፍል ተይዞላችኋል ይላል። ክፍሎቹን ከሸጥኳቸው ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሴቶቹን የጋሼ እህት ቤት አሳደርናቸው፤ ለወንዶቹ ምግብ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ አነጠፍን። በገና ሌሊት ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲባል አብረውን ቆመው አነጉ፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ጋሼ ግን እስከ ጥምቀት አላናገሩኝም።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር እንደ በሽታ እከታተለዋለሁ። ኤክስፒ በ1994 ሲወጣ አውትሉክ ኤክስፕረስን ይዞ መጣ። ዊንዶውስ ቪስታ በጥር 1999 ስሙን ዊንዶውስ ሜይል አለው፤ አቀማመጡንም ለወጠና እያንዳንዱን ደብዳቤ ለየብቻው ፋይል አደረገው። ዊንዶውስ 7 ከቤት አስወጣው። ላይቭ ሜይል ድጋፉ ጥር 2 ቀን 2009 አበቃ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሜይል» የሚባል ሌላ መጣ፤ እሱም ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 መላክም መቀበልም አቆመና በቦታው «አዲሱ አውትሉክ» ተተካ። በ23 ዓመት ውስጥ አምስት ፕሮግራም፣ ሁሉም ከአንድ ድርጅት፣ ሁሉም ደብዳቤን በየራሱ መንገድ የሚያስቀምጥ። በአሮጌው እኖራለሁ ማለትም አያዛልቅም። ሰርቨሮቹ የመስመር ምስጢር መጠበቂያቸውን አጥብቀዋል፤ የኤክስፒ ዘመን ፕሮግራም የሚያውቀውን የቆየ ቁልፍ አይቀበሉም። ጎግልም ከግንቦት 22 ቀን 2014 ጀምሮ በተራ ፓስዎርድ ብቻ ጂሜይልን የሚከፍቱ የቆዩ ፕሮግራሞችን ማስገባት ትቷል።

የሚያስቆጨኝ ደብዳቤው ራሱ ብዙም ያልተለወጠ መሆኑ ነው። ኢሜይል ከሥር ቢያዩት ተራ ጽሑፍ ነው፦ ከማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ስለምን፤ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ነገሩ። የ40 ዓመት ኢሜይል ዛሬ በኖትፓድ ይነበባል። እዚህ ከተማ ያሉት የብራና መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ይቀመጣሉ፤ ማኅደር ያረጃል፣ ይቀደዳል፣ በሌላ ይለወጣል፤ መጽሐፉን ከማኅደሩ ጋር የጣለ ደብተራ ግን አልሰማሁም። የጥንቶቹ የጉልት ስጦታን የመሰለ መጥፋት የሌለበት ነገር ሲኖራቸው በወንጌሉ ክፍት ቅጠል ላይ ያጽፉት ነበር። ሰው ቤቱ ሲቃጠል መጀመሪያ ይዞ የሚወጣው የትኛውን እንደሆነ ያውቃሉ።

ጋሼም ያውቃሉ። ገብሷ የመጣችው ከዚያ ነው።

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። መብራት፣ ስልክና ኢንተርኔት አብረው ጠፉ። ከተማዋ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ስትለዋወጥ ከረመች። ነገሩ ሲጀመር ጋሼ ሲፒዩውን ከፍተው ሃርድ ዲስኩን አወጡ፤ በፌስታል ደራርበው ጠቀለሉት፣ ከከተማ ወጣ ብላ ወደምትኖረው እህታቸው ቤት ወሰዱት፣ ከገብስ ጎታ ውስጥ እስከ ክንዳቸው ቀበሩት።

«ሲፒዩውን ትተው ዲስኩን ብቻ?» አላቸው ልጁ።

«ሲፒዩውማ ቆርቆሮ ነው» አሉት። «ሰዎቹ ያሉት እዚያች ውስጥ አይደለም ወይ?»

ሰዎቹ ያሏቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። በየዓመቱ ተማሪ የሚያመጣው መምህር፣ በየሁለት ዓመቱ የምትመለሰው ፎቶ አንሺ፣ በመቄትና በላስታ ተራሮች ላይ በእግር ለሚጓዙ እንግዶች አዳር የሚይዙ የአዲስ አበባ አስጎብኚዎች። ነገሩ ሲረግብ ዲስኩ ከጎታው ወጣ። ሆቴሉ ሞኒተሩን አጥቷል፣ ፍራሹን አጥቷል፤ የኔትወርክ ነገርም እንዳይነሳ። ጋሼ ጄኔሬተር ለአንድ ሰዓት እያስነሱ፣ ከጎረቤት በተዋሱት ሞኒተር ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ይከፍታሉ። ላይቭ ሜይል ሲሞት በ2009 ደብዳቤውን ወደ ተንደርበርድ ያዛወረው ከእኔ በኋላ የተተካው እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ከእኔ ታሪክ ተምሮ በሦስት ፍላሽ ገልብጦ። ተንደርበርድ በሞዚላ ፋውንዴሽን ሥር የሚሠራ፣ ከ1997 ጀምሮ ያለ፣ በነፃ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ደብዳቤውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ይይዛል፤ መስመር ቢኖር ባይኖር ይከፈታል። ጋሼ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጻፉ፦ አለን፣ ቤተ ክርስቲያኖቹም አሉ፣ አትርሱን። ሁሉም አውትቦክስ ውስጥ ተከማቸ። የእህታቸው ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የተንደርበርድን ፎልደር እንዳለ ላፕቶፑ ላይ ገልብጠው ሰጡት። እዚያ ኔትወርክ ባገኘ ደቂቃ 37 ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ወጣ።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ ግጭት ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለወራት ተቋረጠ። ያኔ ስልክ ላይ ባለው ጂሜይል የተማመኑ ሁሉ ያስተዋሉት ነገር አለ፤ አፑ ካልነካኩት በቀር ስልኩ ላይ የሚያኖረው የቅርቡን 30 ቀን ያህል ደብዳቤ ነው። የቀረው ሁሉ ደመና ላይ ነው፤ ደመናው ደግሞ ከመስመሩ ማዶ።

ይህን ሳስብ በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው የመጀመሪያው የኢሜይል አሠራር ትዝ አለኝ። ኢንተርኔት በጥር 1989 ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ በሚባለው የመረጃ ክፍሉ በኩል ፊዶኔት የሚባል መረብ ይዞ ነበር። ደብዳቤው ኮምፒውተሩ ላይ ይጠራቀማል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ስልክ ተደውሎ ያለው ይላካል፣ የመጣው ይወርዳል፣ ስልኩ ይዘጋል። ድህነት ያመጣው ዘዴ ይመስላል፤ እኔ ግን ብልህ አሠራር ነው እላለሁ። መስመር ሁልጊዜ አለ ብሎ አያምንም። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች መስመር ይጠፋል ብለው የሚያስቡት በአውሮፕላን ላይ ላለ ሰው ነው። አዲሱ አውትሉክ የሌላ ድርጅት አድራሻ እንኳ ብትሰጠው ደብዳቤህን በማይክሮሶፍት ደመና በኩል ነው የሚያስተናግድልህ።

ይህን ስናገር ልጁ አልተስማማም።

«ጋሼ፣ እሺ ጎታው አዳነልዎት። ዲስኩ ቢቃጠልስ? ቢወስዱትስ? ሁሉም ነገር ጂሜይል ላይ ቢሆን እኮ ፓስዎርድ ብቻ ነበር የሚያስፈልግዎት። በጦርነቱ ኮምፒውተራቸው የተወሰደባቸው ሰዎች አንድ ፊደል ሳይጠፋባቸው ከሌላ ቦታ ከፍተዋል።»

እውነቱን ነው። ጋሼም ዝም አሉ። እኔ የምለው ሁለቱን የሚያጣላ ነገር የለም ነው፦ ኢማፕ ይሁን፣ ሳጥኑ አይራቆት፤ ግን ተንደርበርድ ላይ «ደብዳቤውን ሁሉ በዚህ ኮምፒውተር አስቀምጥ» የሚለው ምልክት ይደረግበት። ሳጥንም ቤትም። ልጁ ራሱን ነቀነቀና፣ «እሱስ ይሻላል፤ ግን ዲስኩ ሳይሞላ ነው» አለ።

ተንደርበርድን ማዛወር ከሁሉ የቀለለ ነው። ደብዳቤው፣ አድራሻው፣ የአካውንቱ ዝርዝር፣ ሁሉም «ፕሮፋይል» በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን ዘግቶ ያንን መገልበጥ፣ አዲሱ ላይ ተንደርበርድን ጭኖ ያንኑ ፎልደር ተጠቀም ማለት ነው። ልጁ አገኘው። 11 ጊጋባይት። ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ሰክቶ መገልበጥ ጀመረ፤ አረንጓዴው መስመር ጥቂት እንደሄደ ቀጥ አለ። ፋይሉ ለዚህ ፍላሽ ትልቅ ነው የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«እንዴት? 11 ነው፣ ፍላሹ 32 ነው» አሉ ጋሼ።

ተንደርበርድ አንድን ሳጥን የሚያኖረው በአንድ ረዥም ፋይል ነው፤ የጋሼ ኢንቦክስ ብቻውን ከ5 ጊጋባይት አልፏል። ፍላሹ ደግሞ በፋት 32 አሠራር የተዘጋጀ ነበር፤ ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይችልም። ጎተራው ሰፊ፣ በሩ ጠባብ። ልጁ አገጩን አሻሸና፣

«ፎርማት ማድረግ አለብኝ» አለ።

ጋሼ ተነሱ። «ምኑን?!»

«ፍላሹን ጋሼ! ፍላሹን!»

ፍላሹ ተፎረመተ። መገልበጡ እንደገና ተጀመረ። መብራት ጠፋ። የጎረቤት ፀጉር ቤት ማሽን ዝም አለ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨ ጎልማሳ ወጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመ። ቡና ሳይፈላ መብራቱ መጣ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተጀመረ። በዚህኛው አለቀ።

ላፕቶፑ ላይ ተንደርበርድ ሲከፈት ሁሉም በየቦታው ነበር። ልጁ ለማረጋገጥ ከየዓመቱ እየከፈተ አየ። አንዱን ሲከፍት ግን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብና ምልክት የተዘበራረቀበት ገጽ ወጣ።

«ይሄ ተበላሽቷል።»

አልተበላሸም። ከአዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት የላከው የአማርኛ ደብዳቤ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ቅርጸ ፊደል ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ፣ ሚሌኒየማችን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። እነሱ የላቲኑን ቁጥር ወስደው የ«ሀ»ን መልክ ይስሉበታል፤ ያ ቅርጸ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ጭምብሉ ይወልቅና ላቲኑ ይታያል። ፎንቱን መልሶ መጫን፣ ወይም ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ፕሮግራም መጠቀም ያስነብበዋል። ልጁ ይህን ሳወራለት ጂኦሎጂ የማስተምረው ያህል ተገረመ። ይህን ጣጣ ለመሸሽ እኛ እንግዳ ተቀባዮች አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል እንጽፍ ነበር።

«ስንት ዓመት ነው ያለው እዚህ ውስጥ?» ብሎ ልጁ ቀኑ ላይ ተጫነና ዝርዝሩን ከአሮጌው ጀምሮ ደረደረው። አንደኛዋ ደብዳቤ የተላኩት ውስጥ ናት፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈች። ላይቭ ሜይልን አልፋ፣ ተንደርበርድን አልፋ፣ ጎታ ከርማ የወጣች። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባት ጀመር።

«ጤና ይስጥልኝ። ኮምፒውተራችን ፎርማት በመደረጉ ከዚህ በፊት የላካችሁልን ደብዳቤ ሁሉ ጠፍቶብናል። የገና እንግዶቻችሁን ስምና የክፍል ቁጥር በማርያም ይዣችኋለሁ እንደገና ላኩልን። ጥፋቱ የእኔ ነው…»

ቀና አለ። «ከታች ስም አለው። ማነው ይሄ ሰውዬ?»

ጋሼ ገብሷን ከጠረጴዛው ጠርዝ አንስተው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።

«ተነስ፣ ቡና እንጠጣ» አሉኝ።